ከሰቆጣ ወደ ሰመጠችው ጀልባ

ከተመለስሁ ወዲህ የስፌት መኪናዬ ፊት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩ ነው። «እውነት ማዶው አይታይም?» ይላሉ። «እውነት ሰው ውኃ ሥር ገብቶ ውሎ ይወጣል?» ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣው ሱሪውን ረስቶልኝ ይሄዳል። አልፈርድባቸውም። ሰቆጣ ላይ ውኃ ማለት ቁልቁለት ወርደው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ በጀርባ አዝለው የሚያወጡት ነገር ነው። ግን ያንኑ ደጋግሞ ማውራት ደከመኝ። ስለዚህ እንደ አካሄዳችን በየቀኑ የሆነውን ልጽፈው ወሰንሁ። ማንበብ የሚችል ላልቻለው ያንብብለት።

የሄድነው ለጉብኝት አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ታረቀ አገር ለቆ ከወጣ ቆይቷል። ጣና ላይ እህልና ሰው በምታመላልስ የሞተር ጀልባ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ባለፈው ክረምት ጀልባዋ በማዕበል ሰመጠች። ሌሎቹ ሳንቃና ባዶ በርሜል ይዘው ወጡ፤ ታረቀና አንድ ጓደኛው አልወጡም። ወሬው በማር ነጋዴዎች አፍ እኛ ዘንድ ሲደርስ መስቀል አልፎ ነበር። እናቴ ሰማች፤ አላለቀሰችም። ፀጉሯን አልተላጨችም። ለለቅሶ የመጣውን ሰው እህል አብልታ መለሰችው። «ሬሳ ያላየ ዓይን አያለቅስም» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚያነሣባትን አትወድም ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። የጀልባዋ ባለቤት ሞተሩን ለማውጣት ከምጽዋ ጠላቂ አስመጥቷል አሉ። የእናቴ ወንድም ቄስ ሲሳይ ይህን እንደ ሰሙ ቤቴ ድረስ መጡ። «ካሳዬ፣ እንሂድ» አሉኝ። «አጥንቱ ካለ ይዘን እንምጣ። ከሌለም የሌለ መሆኑን አይተን እንምጣ። እኅቴ እንዲህ ሆና ዐቢይ ጾም እንዲገባባት አልፈልግም።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። አጎቴ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘችን። «ደኅና ግቡ» ብቻ ነው ያለችው። አጎቴ አዲስ አቡጀዴ ገዝተው ከኮርቻው ሥር ደብቀው ነበር። ለምን እንደ ሆነ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ሦስታችንም እንዳላወቀ ሆነን ተለያየን።

ስለዚያ ቀን መንገድ የምጽፈው ድንጋይ ብቻ ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሌላ ዳገት። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ባዶውን ነበር፤ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ዓይናችን ውስጥ ይከተዋል። ሲመሽ አጎቴ ከሚያውቋቸው አንድ ገበሬ ቤት አደርን። የቤቱ እመቤት ከሩቅ ምንጭ የቀዳችውን ውኃ ሞቅ አድርጋ እግራችንን አጠበችን። ለእግር የፈሰሰው ውኃ ለሁለት ቀን የሚበቃ የመጠጥ ውኃ መሆኑን ስለማውቅ እግሬን ልሸሽ ብል «ተው ወንድሜ፣ እንግዳ እኮ የእግዜር ነው» ብላ ያዘችኝ።

ማክሰኞ አምደወርቅ ልንገባ ስንቃረብ የአጎቴ በቅሎ አነከሰች። ስለታም ድንጋይ ረግጣ ሰኮናዋ ተሰንጥቋል። አጎቴ ወርደው በእግራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ለዚህ አልነበረም፤ ሲደክማቸው የሚጸልዩት በአገውኛ ነው፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አማርኛ ከአፋቸው አልሰማሁም።

አምደወርቅ ላይ ያረፍነው በጋብቻ የምንዛመዳቸው አያ ደርሶ ቤት ነው። አያ ደርሶ የበቅሎዋን እግር አንሥተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ተከዜን አታይም» አሉ። «የእኔን ውሰዱ።» ቤቱ ድግስ ድግስ ይሸታል፤ በዚያው ሰሞን ልጃቸውን ሊድሩ ነበር።

«ሙሽራዋስ?» አሏቸው አጎቴ። «በእግሯ ልትሄድ ነው?»

«ለሙሽራ የጎረቤት በቅሎ አይጠፋም። የእናንተን መንገድ ግን ጎረቤት አይሄድላችሁም።»

የተጫነች በቅሎ ይዘን ማለዳ ወጣን።

ረቡዕ ወደ ተከዜ መውረድ ጀመርን። እኛ ደገኞች ስለ ሙቀት የምናውቀው በወሬ ነው። እዚያ ግን ሙቀቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩም ይወጣል። ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም፤ ጥላቸው የእንጨት ጥላ ነው። ጾም ስለ ሆነ አጎቴ ውኃ አልቀመሱም።

«አባባ፣ መንገደኛ ይጠጣል ተብሎ የለ?» አልኋቸው።

«የተባለው ለአንተ ነው። እኔ ቄስ ነኝ።»

ጥቂት ሄደን ከበቅሎዋ ላይ እንደ ጆንያ ተንሸራትተው ወደቁ። አሸዋ ላይ በመሆኑ ጉዳት አልደረሰባቸውም፤ ግን ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ማሽላ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ከማማዋ ላይ አይታን ሮጣ መጣች። እርጎ ብትሰጣቸው እምቢ አሉ። ሴትዮዋ ምንም ሳትከራከር መቀነቷን ፈትታ በውኃ ነከረችና ራሳቸው ላይ ጠመጠመችላቸው፤ እስኪነቁም ድረስ ፀሐዩን በጀርባዋ ከልላላቸው ቆመች። ስሟን ሳልጠይቃት መሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐሙስ ተከዜን ተሻገርን። በበጋ ውኃው ከጭን አይበልጥም። የዚያ አገር ሰው አጎቴን ደግፎ፣ እኔ በቅሎዋን ስቤ አለፍን። ከወንዙ ወዲያ ያለው ዳገት ግን ከእኛው ዳገት የባሰ ነው። ዓርብ እብናት ስንደርስ ጫማዬ አፉን ከፍቶ ነበር። አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት መደብ ላይ ወደቅሁ፤ እራት ቀርቦልኝ እንደ ነበር የሰማሁት ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ተጉዘን አዲስ ዘመን ደረስን። በቅሎዋን አጎቴ ለሚያውቁት ሰው አደራ ሰጥተን፣ በርበሬ የጫነ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። አጎቴ መኪና ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። በርበሬው ያስነጥሳል፤ መንገዱ ያናውጣል፤ አጎቴ አስመለሳቸው። ሾፌሩ አቁሞ ከፊት ተቀምጦ የነበረውን ነጋዴ አስወርዶ እሳቸውን አስቀመጣቸው። ነጋዴው አጉረመረመ፤ ሾፌሩ «ቄሱ እስኪሻላቸው አንተ በርበሬህን ጠብቅ» አለው። ጥቂት ሄደን ጎማ ፈነዳ፤ ተሠርቶ እስኪነሣ ድረስ ሜዳ ላይ አመሸን። ባሕር ዳር የገባነው ጨለማን ለብሰን ስለ ነበር ባሕሩን አላየነውም፤ ሸተተን እንጂ። የረጠበ ሣር የሚመስል ሽታ አለው።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ግን አየነው። ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው ይኸው ነው፤ ማዶው አይታይም። አጎቴ ዳር ላይ ቆሙ። በመጨረሻ «ይህ ሁሉ ውኃ ተቀምጦ!» አሉ። እኔም ያሰብሁት ያንኑ ነው። እኛ አገር ውኃ መንገደኛ ነው፤ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ወደ ተከዜ ይወርዳል። እዚህ ግን ተቀምጦ ነው የሚጠብቅህ። ሴቶቹ ከደጃቸው ይቀዳሉ። ሲያማርሩ የሰማሁት ስለ ቢንቢ ብቻ ነው።

የጀልባዋ ባለቤት አቶ በላቸው ይባላሉ። ሞተሩ ካልወጣ ሥራቸው እንዳበቃ የሚያውቁ፣ ጭንቀት ያከሳቸው ሰው ናቸው። እህል ማከማቻቸው ውስጥ ጆንያ አንጥፈው አሳደሩን፤ ምግብም ከቤታቸው አመጡልን። ዓሣ ነበር። አጎቴ በላይ በላዩ ሲጎርሱ አጥንቱ ጉሮሯቸው ላይ ተሰካ። የቤት እመቤቲቱ ደረቅ እንጀራ ጠቅልላ አጉርሳ አወረደችላቸው። «የእኛ አገር ምግብ አጥንቱ ከውጭ ይታያል» አሏት አጎቴ እንባቸውን እየጠረጉ፤ ከተነሣን ጀምሮ የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠላቂውን አገኘነው። ዑመር ይባላል። አንገቱ ወፍራም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አማርኛው ጥቂት ነው። አጎቴ ግን በሰቆጣ ገበያ ከትግራይ ነጋዴዎች ጋር ስለ ኖሩ ትግርኛ ይችላሉ፤ ዑመርም ይችላል። «አቦይ ቀሺ» ብሎ እጃቸውን ሳመ። እስላምና ቄስ አንድ ቋንቋ አግኝተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ባሕር ዳር ላይ እንደ እነሱ የተዋደደ ሰው አላየሁም።

ሰው ውኃ ሥር እንዴት እንደሚውል ልጻፍ። ዑመር የሚሠራው ከትንሽ የብረት ጀልባ ላይ ነው። በመቅዘፊያ ነው የምትሄደው። ከእግር እስከ አንገት ላስቲክ የተቀባ ሸራ ይለብሳል። ጫማው እንዲከብደው ከእርሳስ የተሠራ ነው። ራሱ ላይ በነሐስ የተሠራ፣ የመስተዋት መስኮት ያለው ድስት የሚያህል ቆብ ይጫንና በብሎን ይታሰራል። ከቆቡ እስከ ጀልባዋ ላስቲክ ቱቦ አለ። ጀልባዋ ላይ ደግሞ በሁለት ሰው የሚሠራ የአየር መንፊያ አለ፤ አንዱ ሲጫን ሌላው ያነሣል። መንፋት ከቆመ ሰውየው አለቀለት። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ አንድ ጊዜ ከጎተተ «አየር ጨምሩ»፣ ደጋግሞ ከጎተተ «አውጡኝ» ማለቱ ነው።

ከነፊዎቹ አንዱ በዚያው ጠዋት ወባ ጥሎት ነበር። አቶ በላቸው ወዲያና ወዲህ አሉ። ሰው የለም። «እኔ እነፋለሁ» አልኋቸው። ሌላው ነፊ ሞላ ነው፤ ከሰመጠችው ጀልባ ላይ የተረፈ፣ ከታረቀ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው። ትይዩ ተቀመጥን። ገመዱን አቶ በላቸው ያዙ። አጎቴ ከፊት ጫፍ ላይ መጽሐፋቸውን ይዘው ተኮራመቱ። ወደ ቦታው የቀዘፍነው ከባሕር ዳር ራቅ ብላ ካለች የባሕር ዳርቻ መንደር ነው።

ውኃው ጠላ ይመስላል፤ ክንዴን ብከተው መዳፌን አላየውም። ዑመር ወረደ። አረፋው እየፈላ ሲወጣ ብቻ ነው በሕይወት መኖሩን የምናውቀው። እኔ እጫናለሁ፣ ሞላ ይጫናል። መጀመሪያ ወንድሜን አሰብሁ። ቆይቶ የማስበው ክንዴን ብቻ ሆነ። የልብስ ሰፊ እጅ ለመርፌ እንጂ ለዚህ አልተሠራም፤ ከሰዓት በኋላ መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ።

ዑመር ሲወጣ እንዲህ አለ፤ አጎቴ ተረጎሙት። ጀልባዋ በጎኗ ተኝታለች። ሞተሩ ያለበትን ክፍል በር ያበጡ የእህል ጆንያዎች ዘግተውታል። ሞተሩን በላይ በኩል ሳንቃ ነቅሎ ማውጣት ይቀላል። ሰው ካለ ግን ያለው ከጆንያዎቹ ወዲያ ነው።

«መጀመሪያ ሞተሩ ነው» አሉ አቶ በላቸው አንገታቸውን ደፍተው። «እኔም ልጆች አሉኝ።»

ዑመር ቀና ብሎ አያቸውና በአማርኛ መለሰ፦ «ጌታዬ፣ እኛ አገር ባሕር ሰው ሲወስድ መጀመሪያ ሰው ነው። ብረት አይቸኩልም።»

አቶ በላቸው «ይሁን» አሉ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲጎትት ዋለ። የበሰበሰው እህል ሽታ እኛ ዘንድ ድረስ ይወጣል። ወደ ማምሻው የልብሱ ክርን በሚስማር ተተረተረ፤ ሲወጣ ክንዱ ድረስ ርሶ ነበር። ዳር ላይ ተቀምጬ ሰፋሁለት፤ ከከተማ በተገኘ የጎማ ማስቲሽም ለጥፌ ደፈንሁት። ዑመር ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰና «ጽቡቕ» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው።

በዚያች መንደር ዳር በየቀኑ የሚቀመጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ይባላሉ። ከታረቀ ጋር የጠፋው የይርጋ እናት ናቸው። ልጃቸው አንድ ብቻ ነበር። ከሰኞ ማታ ጀምሮ ያረፍነው እሳቸው ቤት ነው፤ «የታረቀ ወንድም ሌላ ቤት አያድርም» ብለው። ግድግዳው ሸምበቆና ጭቃ ነው፤ የእኛን የድንጋይ ቤት ለለመደ ሰው ነፋሱ በመካከል የሚያልፍ ይመስላል። ታረቀ ሥራ ሲፈታ የሚያርፈው እዚያ እንደ ነበር ነገሩኝ። «ጎመን አይወድም ነበር» አሉኝ። እውነት ነው፤ አይወድም ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ገመዱ በዝግታ ተጎተተ። ዑመር አንድ ከረጢት አስሮ ላከልን። ስለ አየሁት ብዙ አልጽፍም። አንድ ሰው ነበር፤ አጥንቱና ልብሱ። ዳር አድርሰን አቡጀዴው ላይ ስንዘረጋ ካኪ ሸሚዙ ወጣ። የውስጥ ኪሱን አየሁት። ለመንገደኛ ገንዘብ መደበቂያ እንዲሆን ደረቱ ላይ ገልብጬ የሰፋሁት፣ ታረቀ ከቤት ሲወጣ የሰጠሁት ሸሚዝ ነው።

«የእኔ እጅ ነው» አልሁ። «ወንድሜ ነው።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ተጠጉ። ሸሚዙን ነኩት። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን ሸሚዝ በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ። ይርጋ ነበር የሚለብሰው።»

ሁላችንም ወደ ሞላ ዞርን። ሞላ ራሱን ያዘ። «የሁለቱም ልብስ አንድ ሣጥን ውስጥ ነበር» አለ። «ማለዳ ቀድሞ የተነሣ ያገኘውን ይለብሳል።»

«ያን ዕለትስ?» አልሁት።

«እኔ እንጃ። ዝናብ ነበር፤ ሁላችንም ካፖርት ደርበን ነበር።»

«ቁመታቸውስ?»

«እኩል ናቸው።»

የወንድሜን ልክ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ወገቡን። የአጥንት ልክ ግን አላውቅም። ተንበርክኬ አየሁት፣ አየሁት፣ ምንም አልነገረኝም። ያን ጊዜ የመንገዱ ድካም ሁሉ ወደ ራሴ ወጣ። «ሸሚዙ የእኔ ነው! ሰውየውም የእኔ ነው!» ብዬ ጮኽሁ፤ ልጇን ባጣች እናት ላይ። ባልቴቲቱ የአቡጀዴውን ጫፍ ብቻ ያዙ።

«ካሳዬ፣ ተው» አሉ አጎቴ። «ተው ልጄ።»

ዑመር ነገሩን ሲረዳ ተነሣ። «ሌላው እዚያ ካለ ነገሩ ይለያል። ልውረድ» አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ እሱም፣ ሞላም፣ አቶ በላቸውም ያውቃሉ። ማንም አትውረድ አላለውም። እኔም አላልሁትም።

ገና ብዙም ሳይቆይ ውኃው ጠቆረ። ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያነሣትና ይጥላታል። እኔና ሞላ እየነፋን ነው። አንድ ማዕበል በጎን መታንና ሞላ ከመቀመጫው ተወርውሮ ጀልባዋ ወለል ላይ ወደቀ፤ ግንባሩ ተፈነከተ። መንፊያው ቆመ። ብቻዬን ልጫነው ብል አልሄድ አለኝ። ገመዱ ከአቶ በላቸው እጅ ውስጥ ተንዘፈዘፈ፤ አንድ ጊዜ፣ እንደገና፣ ደጋግሞ።

አጎቴ መጽሐፋቸውን ጀልባዋ ወለል ላይ ጣሉ። አንድም ቀን ከእጃቸው ወድቆ አላየሁም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው በሞላ ቦታ ተቀመጡና መንፊያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ተጫን!» አሉኝ። ተጫንን። በየአፍታው አስመለሳቸው፤ መንፋታቸውን ግን አላቆሙም። «አጆኻ ወደይ! አጆኻ!» ይላሉ ወደ ውኃው፤ በርታ ልጄ ማለታቸው ነው። አቶ በላቸው እየጮኹ ገመዱን ሳቡ። ነሐሱ ቆብ ብቅ አለ። ደግፈን ጎተትነው። ብሎኑን ስንፈታ ዑመር ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል። አየር እየሳበ ጀልባዋ ወለል ላይ ተጋደመ። ከዚያ አጎቴን በትግርኛ አንድ ነገር አላቸው።

«ሌላ የለም ይላል» አሉ አጎቴ። «የክፍሉ መስኮት ተሰብሯል። ሁለተኛው በዚያ ወጥቶ ሄዷል።»

ዳር ስንደርስ ወይዘሮ ጥሩነሽ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ቆመው ነበር። ሁሉንም ከዳር አይተውታል። ዑመርን ደግፈን ስናወርደው በነጠላቸው አፍንጫውን ጠረጉለት።

«ይብቃ» አሉ። «ይህም ሰው እናት አለው። የሞተ ስንፈልግ የቆመውን ልንገድል ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ውሰደው።»

«ምን አሉ?»

«ውሰደው ልጄ። እኔ ማለዳ ማለዳ ውኃ ስቀዳ ልጄን አየዋለሁ፤ እዚሁ ነው፣ ደጄ ላይ። ያንተ እናት ምን ታያለች? ተራራ።»

«ይርጋ ቢሆንስ?»

«ይርጋ ከሆነ ታረቀ ከእኔ ጋር ነው። ብቻውን አይደለም።»

እምቢ ማለት ነበረብህ የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ደክሞኝ ነበር፤ እናቴም ትጠብቀኝ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ተቀበልሁም። በዚያው ምሽት፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ አጎቴ ከመንደሪቱ ቄሶች ጋር ሆነው ፍትሐት አደረሱ። የሁለቱንም ስም ጠሩ። ዑመር ከሰዎቹ ፈንጠር ብሎ፣ ራሱን ሸፍኖ እስከ መጨረሻው ቆመ። ሐሙስ ስንነሣ አቶ በላቸው እስከ መኪናው ሸኙን። ሞተሩ ገና ከውኃው ሥር ነበር።

የመመለሻውን መንገድ በዝርዝር አልጽፈውም፤ ያው መንገድ ነው፣ ዳገቱ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ዳገት ሆኖ። አጎቴ መኪናው ላይ ጥቅሉን በጭናቸው ይዘው ተቀመጡ። አንድ መንገደኛ «ምን ይዘው ነው አባ?» ቢላቸው «ልጄን» አሉት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃቸውም። አምደወርቅ ስንደርስ ሠርጉ አልፏል። አያ ደርሶ የእኛን በቅሎ አድነው፣ አወፍረው ጠበቁን። ጥቅሉን ሲያዩ ቤታቸው ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጡትና ሌሊቱን መብራት አላጠፉም።

ሰቆጣ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። ሰው መንገዱን ለቀቀልን። እናቴ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። አጎቴ ጥቅሉን ይዘው ወደ ኋላ ቀሩ፤ መናገሩ የእኔ ሆነ።

«እሱ ነው?» አለችኝ።

ሳስበው የመጣሁት መልስ ነበረ፤ አዎ ብላት ማንም አይመሰክርብኝም። ግን ዓይኗን ሳየው አልቻልሁም። «አላውቅም እምዬ» አልኋት። ሁሉንም ነገርኋት። ሸሚዙን፣ ነፋሱን፣ የሴትዮዋን ቃል። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ያቺ እናት ባዶ እጇን ቀረች?» አለች።

«አዎ።»

«የልጇ ስም ማን ነው ያልኸኝ?»

«ይርጋ።»

ወደ አጎቴ ሄዳ ጥቅሉን ከእጃቸው ተቀበለች። ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቀፈችው። ሻሿን ፈትታ ጣለች፤ ከመስቀል ወዲህ ያልተላጨው ፀጉሯ ተበተነ። ከገበያው የተከተለን ሰው ሁሉ ግቢውን ሞላው። ያን ጊዜ ጮኸች፤ መጀመሪያ የጠራችው ስም «ይርጋ!» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው «ታረቀ!» ያለችው። ለቀስተኞቹ ይርጋ ማን እንደ ሆነ አያውቁም። ግን አልጠየቁም፤ ደረታቸውን እየደቁ እሷ እንደ ጠራችው እየጠሩ አለቀሱለት።